ችካሉ ከመተከሉ በፊት፦ የመንገድ መስመር እንዴት ይመረጣል? ነዋሪስ መቼና እንዴት ይናገራል?

ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ፣ በድንኳን ሥር፣ በሁለት የትምህርት ቤት ዴስኮች ላይ ካርታ ተዘርግቶ ነበር። ነፋስ እንዳይወስደው በአራቱ ማዕዘን ድንጋይ ተጭኖበታል። በካርታው ላይ ቀይ መስመር አለ። ሕዝቡ ተራ በተራ እየቀረበ የሚፈልገው የራሱን ቤት ነው። ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ አንድ ስለሚመስል አብዛኛው ሰው ግቢውን የለየው በዛፉ ነው፤ አንዱ በዋንዛው፣ ሌላው በእንሰት ማሳው ጥቁር አረንጓዴ ቀለም።

ከዚያ አንዲት ጠና ያሉ እናት ቀረቡ። ቤታቸውን አልጠየቁም። በሲዳሙ አፎ ተናገሩ፤ አንድ ወጣት ተረጎመላቸው። ጣታቸውን ቀዩ መስመር ላይ አሳርፈው፣ «በነሐሴ ውሃው የሚያልፈው በዚህ ነው። እዚህ ጋ ሲደርስ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ይተኛል። አንተ ልጄ፣ ወዴት ልትሰደው አስበሃል?» አሉ። ወጣቱ መሐንዲስ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። በዚያ ቦታ በካርታው የተመለከተችው አንዲት ጠባብ ቱቦ ብቻ ነበረች። ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ አካባቢውን ከበበው።

የዚያን ቀን ከተነገረው ሁሉ ለመንገዱ የበለጠ የጠቀመው ይህ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። መንገድ ሊሠራ ወይም ሊሰፋ ሲታሰብ ነዋሪው ተጠርቶ «አስተያየት ስጡ» ይባላል። አብዛኛው ሰው ግን መስመሩ እንዴት እንደተመረጠ፣ የትኛው ነገር ገና ሊቀየር እንደሚችል፣ የትኛው እንዳለቀለት ሳይነገረው ነው አስተያየት የሚጠየቀው። ያንን ክፍተት ጥቂት ልሙላ።

ከቦታው እንጀምር። ሐዋሳ ለቀያሽ ቀላል ከተማ አይደለችም። በምዕራብ ሐይቁ፣ ከሐይቁ አጠገብ ታቦር ተራራ፣ በደቡብ አላሙራ፣ በምሥራቅ ደግሞ የጨለለቃ ረግረግ አለ። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚመጣው ዋና መንገድ በጥቁር ውሃ በኩል ገብቶ፣ ከተማዋን ሰንጥቆ፣ በቱላ አድርጎ ወደ ዲላና ሞያሌ ይወጣል። ይህ መንገድ ወደ ኬንያ የሚያደርሰን ዋናው አውራ ጎዳና ነው። ስለዚህ ባለ ተሳቢው የጭነት መኪና፣ የሀገር አቋራጩ አውቶቡስ፣ ባጃጁ፣ ብስክሌተኛው፣ አህያዋ በሣር ተጭና፣ ተማሪው ደብተሩን ይዞ፣ ሁሉም በአንድ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ። በዚህ ላይ ከሞጆ ተነሥቶ ወደ ሐዋሳ የሚዘልቀው የፍጥነት መንገድ አለ። ርዝመቱ 202 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሥራው በአራት ክፍል ተከፍሏል፤ ሞጆ–መቂ፣ መቂ–ዝዋይ፣ ዝዋይ–አርሲ ነገሌ፣ አርሲ ነገሌ–ሐዋሳ። እንዲህ ያለ ጎዳና ወደ አንድ ከተማ ሲጠጋ፣ መኪናው ከዚያ ወዲያ በየት ይለፍ የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

መስመር በአንድ ቀን አይወለድም። መጀመሪያ የአዋጭነት ጥናት ይካሄዳል። የመኪና ቆጠራ ይደረጋል፤ ባለሙያዎች በመንገድ ዳር ተቀምጠው ስንት አውቶቡስ፣ ስንት የጭነት መኪና፣ ስንት ባጃጅ እንዳለፈ ይመዘግባሉ። ከዚያ በካርታ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሰፊ መተላለፊያ ይመረጥና በውስጡ ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ መስመሮች ይሳላሉ። አማራጮቹ በወጪ፣ በርዝመት፣ በሚያፈናቅሉት ሰው ብዛት፣ በሚነኩት ውሃና ደን ይነጻጸራሉ። አንዱ ሲመረጥ የመጀመሪያ ደረጃ ንድፍ፣ ቀጥሎ ዝርዝር ንድፍ ይሠራለታል። ቀያሾች መጥተው ችካል የሚተክሉት፣ ቤትና ዛፍ የሚቆጠረው፣ ሥራ ተቋራጭ የሚቀጠረው ከዚያ በኋላ ነው።

አስተያየት ዋጋው በየደረጃው ይለያያል። አማራጮቹ ገና ሦስት ሳሉ የተነገረ ቃል መስመሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያዛውር ይችላል። ዝርዝር ንድፍ ሲጀመር መስመሩ ከቦታው ንቅንቅ ባይልም የማቋረጫው ቦታ፣ የቱቦው ስፋት፣ የአውቶቡስ ማቆሚያው ገና ይቀየራል። ችካል ከተተከለ በኋላ የሚቀረው በአመዛኙ የካሳ ክርክር ነው። የኛ ሰው ደግሞ ነገሩን ከልቡ የሚይዘው ችካሉን በግቢው ሲያየው ነው። ይህን ስል ነዋሪውን ለመውቀስ አይደለም፤ ቀደም ብሎ የጠራው ስለሌለ ነው። ስለዚህ በማንኛውም ስብሰባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሥራው አሁን የት ደርሷል? ስንት አማራጭ ነበረ? ሌሎቹስ ለምን ቀሩ?» መሆን አለበት። የቀሩትን አማራጮች ሳያሳይ አንድ መስመር ብቻ ይዞ የመጣ ሰው፣ ያመጣው ማስታወቂያ ነው እንጂ ምክክር አይባልም።

ብዙ ጊዜ የሚያጣላ አንድ ነገር አለ። ሰው፣ «እዚህች ጋ ትንሽ ዘወር ብትሉ ምን አለበት?» ብሎ ይለምናል፤ መሐንዲሱ «አይቻልም» ይላል፤ ሰውየው ንቀት ይመስለዋል። ነገሩ የፍጥነት ሕግ ነው። መኪና በኩርባ ላይ ሲዞር ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳበት መንገድ የሚበቃ ኩርባ፣ በ100 ለሚነዳበት ቢያንስ አራት እጥፍ የሰፋ መሆን አለበት። ስለዚህ በፈጣን ጎዳና ላይ አንድ ግቢ ለማዳን የሚደረግ መዞር ከግቢው ብዙ ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ካለፈም በኋላ ብዙ ሄዶ ነው የሚያበቃው፤ በመንገዱ ሌሎች ግቢዎችን ይነካል። ይህ ማለት ግን መስመሩ አይነካም ማለት አይደለም። «የሚነዳበትን ፍጥነት ዝቅ ብታደርጉትስ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ለከተማ መግቢያ 100 ይበዛል ብሎ መከራከር በቂ ምክንያት ያለው ክርክር ነው፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ኩርባው ይጠባል፣ መስመሩም ለመታጠፍ ቦታ ያገኛል።

የስፋቱን ነገር በቀላል ስሌት እንየው። ለመንገዱ የሚከለለው መሬት 50 ሜትር ስፋት ይኑረው እንበል። አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ አምስት ሄክታር ወሰደ ማለት ነው። በሲዳማ ገጠር የአንድ ቤተሰብ ማሳ ብዙ ጊዜ አንድ ሄክታር አይሞላም። በካርታ ላይ ክር የመሰለው መስመር በአንዱ ኪሎ ሜትር ብቻ የብዙ ቤተሰብ ማሳ ያህል መሬት ይወስዳል። ደግሞም ማሳን ሁልጊዜ ጠቅልሎ አይወስደውም፤ መሃሉን ሰንጥቆ ሁለት ቁራጭ አድርጎ ይተወዋል። ከመንገዱ ማዶ የቀረው ቁራጭ ለማረስም ለመጠበቅም የማይመች ከሆነ «የተረፈው መሬቴ ጥቅም አይሰጠኝም» ብሎ ማስመዝገብ ተገቢ ነው።

ወደ ውሃው ልመለስ፤ ለሐዋሳ ከሁሉ የከበደው ጉዳይ እሱ ነውና። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ የገባበት ውሃ የሚቀንሰው በአመዛኙ በትነት ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስለት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው፤ ጥቁር ውሃም የሚመጣው ከጨለለቃ ረግረግ ነው። ረግረጉ ከምሥራቁ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ተቀብሎ ያሳርፈዋል፣ ደለሉንም ያስቀርለታል። የከተማው ሰው ማታ ማታ የሚንሸራሸርበት የሐይቁ ዳር የአፈር ግድብ የተሠራው ሐይቁ ሞልቶ ወደ ሰፈር ስለመጣ መሆኑን ትልልቆቹ አይረሱትም።

እንግዲህ ከተማዋን በምሥራቅ በኩል ዞሮ የሚያልፍ መንገድ ቢታሰብ፣ በካርታ ሲታይ ደስ ይላል፤ ቤት የለም፣ የሚነሣ ሰው ጥቂት ነው፣ ካሳው ያንሳል። ነገር ግን በረግረግ ውስጥ ለማለፍ መንገዱ በአፈር ሙሌት ከፍ ማለት አለበት። ከፍ ያለ ሙሌት ደግሞ ስሙ መንገድ ይሁን እንጂ ሥራው ግድብ ነው። ውሃው የለመደውን መሄጃ ሲያጣ ወይ ከላይ በኩል ይተኛና ማሳ ያበላሻል፣ ወይ በጥቂት ቱቦ ተጨናንቆ ሲወጣ ከታች ያለውን ሸርሽሮ ደለሉን ሐይቅ ያደርሳል። መፍትሔው አለ፤ ሰፋፊ ቦክስ ካልቨርት (ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፍ ባለ አራት ማዕዘን የኮንክሪት መተላለፊያ)፣ ተደጋጋሚ ድልድይ። ገንዘብ ይጠይቃል። ወጪ ለመቀነስ ሲባል መጀመሪያ የሚጠበው ቱቦ እንዳይሆን መጠበቅ ያለብን እኛ ነን። ከሳተላይት ፎቶ የነሐሴ ውሃ አይታይም፤ ፎቶው የሚመረጠው ደመና ከሌለበት ወር ነው፤ ደመና የሌለበት ወር ደግሞ በጋ ነው። ባለሙያው የዝናብ መዝገብ አለው፣ ስሌትም ያውቃል። እዚያ ቦታ ውሃው እስከ ጉልበት ይሁን እስከ ወገብ መድረሱን ግን የሚያውቀው ያየው ሰው ነው። መሬት የሚሰነጠቅበትን ቦታም እንዲሁ። በስምጥ ሸለቆ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት መሰንጠቁ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ስንጥቁን ያየ አርሶ አደር ቦታውንና ዓመቱን ቢናገር ከአንድ ቁፋሮ ምርመራ የማይተናነስ መረጃ ነው።

ሌላው የማቋረጫ ጉዳይ ነው። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተውን የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለ መንገድ በአጥር የተከለለ ነው፣ ከተፈቀደለት ቦታ ውጪ ማንም አያቋርጠውም። ትምህርት ቤቱ ከመንገዱ ማዶ የሆነ ልጅ ቤቱ ፊት ለፊት ማቋረጫ ከሌለውና ቅርቡ ማቋረጫ ሁለት ኪሎ ሜትር ከራቀ፣ ሁለት ሄዶ፣ ተሻግሮ፣ ሁለት ይመለሳል። በፊት በደቂቃ የሚሻገረው አሁን አራት ኪሎ ሜትር ሆነበት፤ ደርሶ መልስ ስምንት። በልጅ እግር ሁለት ሰዓት ነው። ያ ልጅ ስምንት ኪሎ ሜትር አይሄድም፤ አጥሩን ይቀዳል። ከዚያ የሚሆነውን ለመጻፍ እጄ አይታዘዝልኝም። ለዚህ ነው የማቋረጫ ቦታ በንድፉ ጊዜ፣ በወረቀት ላይ፣ ከነዋሪው ጋር መቆረጥ ያለበት። ከብት ውሃ የሚወርድበት፣ ለቅሶ የሚኬድበት፣ ገበያ የሚወጣበት፣ እናቶች ወፍጮ የሚሄዱበት ዱካ በካርታ ላይ የለም። ማን በየት፣ በስንት ሰዓት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚያቋርጥ መንደሩ ራሱ ቆጥሮ ቢያቀርብ፣ ያ ቁጥር ከመኪናው ቆጠራ እኩል መቅረብ ይገባዋል።

ከተማውን ዞሮ ማለፉ ራሱ ለሁሉም አይጠቅምም። ከባድ መኪናው ከከተማ ሲወጣ የሚተርፈው ሕይወትና የሚቀንሰው ጭስ ብዙ ነው፤ እኔ በበኩሌ ወደዚህ አመዝናለሁ። ሆኖም በዲላ መንገድ ዳር አናናስና አቮካዶ ደርድራ አውቶቡስ የምትጠብቅ ሴት፣ ምግብ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ ሾፌር የሚያሳድረው አልጋ ቤት ሁሉ በዚያ መኪና የሚኖሩ ናቸው። መኪናው ሲቀር ማንም ችካል አይተክልባቸውም፣ ቤታቸው አይፈርስም፤ ስለዚህ በተነሺ መዝገብ አይገቡም። ገቢያቸው ግን ይፈርሳል። በአዲሱ መንገድ ላይ የታሰበበት ማረፊያና የመሸጫ ቦታ እንዲኖር መጠየቅ የሚቻለው ከወዲሁ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ አስተያየት እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ በአንቀጽ 92ም የአካባቢ ጉዳይን በተመለከተ ይህንኑ ያጠናክራል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ተገልጦ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ስለዚህ «ጥናቱን አሳዩን» ማለት ድፍረት አይደለም።

መሬት ሲወሰድ ዋናው ሕግ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ካሳው የሚታሰበው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና በመሬቱ ላይ ለዋለው ድካም እንጂ ለአፈሩ ዋጋ አለመሆኑ ነው። አዋጁ ሲወጣ ባለይዞታዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲመከሩ አዟል፤ በአስቸኳይ ከተፈለገ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። በቋሚነት ለሚነሣና ምትክ መሬት ለማያገኝ የገጠር ባለይዞታ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው የአንድ ዓመት ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ይባዛል። ቅሬታ ያለው ሰው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ማመልከት አለበት፤ ከዚያ ይግባኝ አለ። አዋጁ በኋላ ተሻሽሏል፤ ከማሻሻያዎቹ ዋናው ካሳ የመክፈሉን ኃላፊነት ወደ ክልልና ከተማ አስተዳደር ማዛወሩ ነው። ስለዚህ በስብሰባው ላይ «ካሳውን የሚከፍለው ማን ነው? በጀቱ ተይዟል?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የመንገድ ሥራ መጓተት ሲወራ «የወሰን ማስከበር ችግር» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ካሳ በወቅቱ አለመከፈሉ ነው።

ቆጠራው ሲመጣ በግቢው መገኘት ያስፈልጋል። እንሰት እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ለመብል እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ «እንሰት፣ 120» ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም፤ ችግኙ ስንት፣ መካከለኛው ስንት፣ የደረሰው ስንት ተብሎ ይለይ። ቡናውም እንዲሁ፣ ፍሬ የሚሰጠውና ገና የተተከለው አንድ ዋጋ የላቸውም። የቆጠራ ቅጹን ሳይፈርሙ ማንበብ፣ ማንበብ ለማይችል ማስነበብ፣ ቅጂ መቀበል ያስፈልጋል። በይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ካለ ሁለቱም ይገኙ፤ ብዙውን ጊዜ የጓሮውን እንሰት ቁጥርና ዕድሜ በትክክል የምታውቀው እሷ ናት።

የስብሰባው አጠራር ራሱ ውጤቱን ይወስናል። በገበያ ቀን ከተጠራ ሴቶች የሉም። በሥራ ሰዓት ከተጠራ የባጃጅ ሹፌር የለም። በገጠር ቀበሌዎች በአማርኛ ብቻ ከተካሄደ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ዝም ብለው ይመለሳሉ። እነዚያን እናት ያ ወጣት ባይተረጉምላቸው ኖሮ እርሳሱ ከኪስ አይወጣም ነበር።

የዚያን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ከሳምንታት በኋላ አየሁት። የውሃው ጥያቄ የለም። «ሌሎች የተለያዩ አስተያየቶች ተሰጥተዋል» የሚል አንድ መስመር ብቻ አለ፤ ከሥሩ የሁላችንም ፊርማ። የፈረምነው መምጣታችንን ለማስመዝገብ መስሎን ነበር። የወረቀቱ አናት ግን «በፕሮጀክቱ የተስማሙ ነዋሪዎች ስም ዝርዝር» ይላል። እኔ ማንበብ የምችለው ሰውዬ አናቱን ሳላይ ፈርሜያለሁ።

ተመልሰን ሄድን። በሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍን፤ ውሃው የሚያልፍበትን ቦታ ከትምህርት ቤቱ አጥር ስንት እርምጃ እንደሚርቅ፣ ውሃው ስንት ቀን እንደሚተኛ፣ ከፍታውን ለማሳየት በግራሩ ግንድ ላይ የቀረውን የጭቃ ምልክት ፎቶ ጨምረን። የውሃውን ጥያቄ ያነሡት እናት በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርገን በቅጂው ላይ ቁጥርና ማኅተም አስመታን። መልሱ በጽሑፍ እንዲሆንም ጠየቅን፤ «ተቀብለናል» ወይም «አልተቀበልንም፣ ምክንያቱም» የሚል። ቅጂው አሁን እሳቸው ቤት፣ ከይዞታ ደብተራቸው ጋር በአንድ ፌስታል ታጥፎ ተቀምጧል።